ገጽ ሁለት ከአምስት

የመጀመሪያው ወረቀት ባዶ ወጣ።

ፕሪንተሩ እንደ ልማዱ አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወረቀቱን ጎትቶ ዋጠና በሌላው በኩል ንጹሕ ነጭ አድርጎ ተፋው። አናቱ ላይ የዕለቱ ቀን፣ ግርጌው ላይ የድረ ገጼ አድራሻ በደቃቅ ፊደል ሰፍረዋል። መሃሉ ላይ ግን ግጥም የለም። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አንሥታ አየችው። ገልብጣም አየችው።

«ጥልቅ ነው» አለችኝ። «እኔ ግን አልገባኝም።»

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ እህቴ ታገባለች። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው በዚህች ጠባብ ቤት ውስጥ ደግሞ እኔ የሠርግ ልብሴን ለብሼ፣ በነጠላ ጫማ፣ አንድ ግጥም ከኮምፒውተር ወደ ወረቀት ለማውረድ እታገላለሁ።

ነገሩ የጀመረው ጥሎሽ የመጣ ዕለት ነው። ሙሽራው የባቱ ልጅ ነው፤ ከሐይቁ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ዘመዶቹ ገና ከበራችን ሳይደርሱ ድምፃቸው ይሰማ ነበር። ከሁሉም በላይ አክስቱ። ዓሣ ጠብሳ እየሸጠች የኖረች ሴት ናት፤ አንደበቷ ከመጥበሻዋ ይብሳል። የጥሎሹን ዕቃ ከሻንጣ አንድ በአንድ እያወጣች በግጥም አሳየችን። ለጫማው ግጥም፣ ለሽቶው ግጥም፣ ለዣንጥላው እንኳ ግጥም። ከዚያ «እስቲ የሴቷ ወገን ይመልስ» ተባለ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ ጣሪያውን አየ።

«ምነው?» አለች አክስትዮዋ። «የአዳማ ነፋስ ምላሳችሁን ወሰደው እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ግን እህቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ተከትያት ብገባ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ተቆጣችኝ።

«ዕድሜ ልኬን እዚያ ቤት የዝምተኞች ልጅ ልባል ነው? አንቺ ገጣሚ ነኝ ትያለሽ አይደል? እንግዲህ ለሠርጌ ጻፊ። ቤተሰቤ ዝም እንዳይል። ሌላ ስጦታ አልፈልግም።»

ጻፍኩ። ስጽፍ ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ረዘመብኝ። የሚያነበው ማን ነው የሚለው ነገር ግን ገና ነበር። እኔ ወረቀት ላይ እንጂ ሰው ፊት ጀግና አይደለሁም፤ ከአምስት ሰው በላይ ካየኝ ድምፄ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የእናቴን ወንድም ለመንነው። አጎቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መናኸሪያ ውስጥ የስምሪት ሠራተኛ ነበር። ማይክራፎን ሳይዝ «ባቱ! ሻሸመኔ! ሐዋሳ!» ሲል አስፋልት ማዶ ያለ ተሳፋሪ ሻንጣውን ያነሣል።

«አነባለሁ» አለ። «ግን በስልክ አላነብም። ስልክ ይዤ ከቆምኩ ሰው ቪዲዮ የማይ ነው የሚመስለው። በእጅሽ የጻፍሽውንም አላነብም፤ የአንቺ ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው ነው። በኮምፒውተር፣ ፊደሉ የጠገበ፣ ትልልቅ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ደግሞ ወረቀት ላይ ያለውን አንድም ሳልዘል ነው የማነበው። ከላይ እስከ ታች። የተሳፋሪ ስም እንደዚያ ነበር የማነበው፣ አንድ ሰው ጥዬ አላውቅም።»

«ጋሼ፣ የሚዘለል የለውም።»

ግጥሙ ያለው ድረ ገጼ ላይ ነበር። የኢንተርኔት ቪዲዮ እያየሁ፣ ማንም ሳያስተምረኝ የሠራሁት ገጽ ነው፤ ግጥም መጻፍን የተማርኩትም እንዲሁ ነው። ጀርባውን ጥቁር፣ ፊደሉን ነጭ አድርጌዋለሁ። ማታ ላይ የተበተነ ኮከብ እንዲመስል ፈልጌ ነው። ስልክ ላይ ሲታይ ያምራል፤ እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ከፍቼ ዝም ብዬ አየዋለሁ። ያ ሁሉ ኮከብ ወረቀት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

«ገባኝ» አልኳት የቤቷን ባለቤት። «ፕሪንተሩ ቀለም እንዳይባክን ብሎ ጥቁሩን ጀርባ ትቶታል። ነጩ ፊደል ነጭ ወረቀት ላይ ወጥቷል። ግጥሙ አለ፤ አይታይም እንጂ።»

«ለአጎትሽ እንደዚያ በይውና ያንብበው» አለችኝ።

ግን ሰው ለመርዳት የተፈጠረች ናት። ወንበሯን ሳበች፣ የህትመቱን ማዘዣ ከፈተች፣ ጀርባውም አብሮ እንዲታተም የሚያዝ ትንሽ ሳጥን አገኘችና ምልክት አደረገችበት። ፕሪንተሩ እንደገና አጓራ። አሁን የወጣው ወረቀት ከላይ ጀምሮ እንደ ከሰል ጠቁሮ መጣ። እየወጣ፣ እየወጣ፣ የቀለም ሽታው ቤቱን ሞላው።

«ቀለሜ! ቀለሜን ጨረሰው!» ብላ ጮኸችና ሶኬቱን ነቀለችው። ወረቀቱ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ሆኖ እንደተጠቀለለ አፉ ላይ ቀረ።

ጥግ ላይ፣ አግዳሚው ላይ፣ ከወለንጪቲ የመጡ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። መታወቂያቸውን ፎቶ ኮፒ ሊያስደርጉ ነው የመጡት፤ ነገር ግን እኛን ማየት ከጀመሩ ወዲህ መቸኮላቸውን ትተውታል። ሁለቱን ወረቀት አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የቅድሙ ቀኑ ነበር» አሉ። «ይኼኛው ሌሊቱ ነው።»

«አባባ፣ ይቅርታ፣ አሁን እንለቅልዎታለን» አልኳቸው።

«ኧረ ተጫወቱ። እኔ አውቶቡሴ የሚሄደው ሲሞላ ነው።»

ባለቤቷ ሶኬቱን መለሰችና ሌላ ዘዴ አመጣች። «ለምን እንለፋለን? ጽሑፉን ብቻ ገልብጬ ሌላ ገጽ ላይ ልለጥፈው፣ አለቀ።» ግጥሙን በማውሱ ልትይዘው ስትል ስክሪኑ መሃል ላይ አንድ ቀይ ሳጥን ብቅ አለ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«ግጥም መስረቅ ነውር ነው!» ወደ እኔ ዞረች። «ማነው እንዲህ የሚለኝ?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ገጹን ስሠራ ሌባ ይመጣብኛል ብዬ ማንም እንዳይገለብጥ ቁልፍ አስገብቼበት ነበር። አንድም ሌባ አልመጣም። የመጀመሪያዋ የተያዘችው እኔን ልትረዳ የተቀመጠችው ናት።

«ክፈቺዋ ታዲያ!»

ለመክፈት ደግሞ ኮድ ያስፈልጋል። ኮዱ የሚመጣው እህቴ ስልክ ላይ ነው፤ ገጹን ስከፍት የራሴ ሲም ካርድ ስላልነበረኝ በእሷ ቁጥር ነበር የተመዘገብኩት። የእኔ ስልክ ባትሪ ጨርሷል። በፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ስልክ ደወልኩ። ያነሣችው አንዲት የማላውቃት ሴት ናት፤ ከሚዜዎቹ አንዷ፣ የእህቴ የሥራ ባልደረባ መሆኗን በኋላ ነው የሰማሁት። ከበስተጀርባዋ የጸጉር ማድረቂያ ይጮኻል።

«ሙሽራዋ ካስክ ውስጥ ናት። ምን ነበር?»

«እህቷ ነኝ። አሁን በመልእክት የገባ ኮድ አለ፤ አንብቢልኝ፣ ቶሎ።»

ከጩኸቱ ራቅ አለች።

«የምን ኮድ?»

«የግጥም።»

«የግጥም ኮድ! ትናንት በባንክ፣ ዛሬ በግጥም መጣችሁ? በሠርጓ ቀን እንኳ አታፍሩም? ሌባ!»

ዘጋችው። ደግሜ ብሞክር ቁጥሩን አግዳዋለች። ባለቤቷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። «ልክ ናት! ለማንም ኮድ አትስጡ ተብሏል! እኔም ብሆን ሌባ ነበር የምልሽ።»

«በቃ ልተይበው» አለች ከሳቋ ስትመለስ።

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ባለፈው የተየብሽልኝን ረሳሽው? ‹ጨረቃ ሳቀች› ብዬ የጻፍኩትን ምን አደረግሽው?»

«‹ጨረቃ ወጣች› አልኩልሽ። ተሳስተሽ መስሎኝ ነው፤ ጨረቃ አትስቅማ!»

ሽማግሌው ከጥጋቸው «እውነቷን ነው» አሉ።

ለነገሩ ብትተይበው ኖሮ ይሄኔ ጨርሳ ነበር። ግን አንዴ ከኮምፒውተር ጋር ግብግብ የገጠመ ሰው ያውቀዋል፤ ሁልጊዜ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ይመስላል። አሁን፣ አሁን፣ ይቺን ብቻ ካስተካከልናት። ሁለታችንም ግንባራችንን ወደ ስክሪኑ አስጠግተን ገጹን ከላይ እስከ ታች እንፈትሻለን።

«ይቺ ጥግ ላይ ያለችው የተጠበሰች እንቁላል ምንድን ናት?» አለች ባለቤቷ።

እንቁላል አልነበረችም። ፀሐይ ናት። እኔው ራሴ የሳልኳት፣ እኔው ራሴ ያስገባኋት፣ ገጹን ከሌሊት ወደ ቀን የምትቀይር ምልክት ናት፤ እኔ ጨለማውን ስለምወድ ነክቻት ስለማላውቅ መኖሯንም ረስቻታለሁ። ጠቅ አደረግኳት። ገጹ ቦግ አለ። ጀርባው ነጭ፣ ፊደሉ ጥቁር፣ ግጥሜ ቁጭ ብሎ።

«እልል!» አለች ባለቤቷና አዘዘችው። ፕሪንተሩ ሠራ። ወረቀቱ ወጣ። ሦስታችንም አጎነበስን።

ሳጥን። ከላይ እስከ ታች፣ በረድፍ በረድፍ፣ ትንንሽ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል። አንድም ፊደል የለም። ስንኞቹ ግን በስንኝ ወጉ፣ አንዱ አጠር፣ አንዱ ረዘም ብለው ተሰልፈዋል።

«ግጥም ብለሽኝ ኮንዶሚኒየም ነው ያሳተምሽኝ» አለች ባለቤቷ።

«ዕጣው ይውጣልሽ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው።

እኔም ሳቄ መጣ። መቸኮሌ፣ እህቴ፣ አጎቴ፣ ሁሉም እንዳለ ሆኖ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ፕሪንተሩ አርጅቷል፤ እኔ ለገጼ ብዬ የመረጥኩትን ጌጠኛ የፊደል ቅርጽ አያውቀውም። የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በሳጥን ይተካዋል። ባለቤቷ ይህን በሽታ ታውቀዋለች፤ የሠርግ ጥሪ ካርድ የሚያሳትሙ ሰዎች ሁሉ ያመጡባታል። «መጀመሪያ ፋይል አድርገን እናስቀምጠው። ከዚያ ፋይሉን ነው የምናትመው። ያኔ ፊደሉን እንደ ሥዕል ይወስደዋል እንጂ ላንብበው አይልም።» አስቀመጠችው። ለአጎቴ ዓይን ሲባል ፊደሉን አሳደግነው፤ ግጥሙ አምስት ገጽ ሆነ። አዘዘች።

አንደኛው ገጽ ወጣ። ፊደል! የጠገበ፣ የጎላ፣ ከበር ሆኖ የሚነበብ ፊደል። ባለቤቷ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤት ያለው ጫማ አሳማሪ ብቅ ብሎ አየን። ሁለተኛው ወጣ። ወረቀቶቹን አንሥቼ ሳያቸው ግን ልቤ ወደቀ። ፊደሉን ስናሳድገው ስፋቱ ከወረቀቱ አልፏል። አጫጭሮቹ ስንኞች ተርፈዋል፤ ረጃጅሞቹ ግን ጭራቸው በቀኝ በኩል ተቆርጦ ቀርቷል። የአማርኛ ግጥም ጭራው ከተቆረጠ ምን ይቀረዋል? ቤት የሚመታው እዚያ ነው።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አታልቅሺ» አለች ባለቤቷ። «ወደ ወረቀቱ ልክ እናጥበዋለን። ይቺ ብቻ ናት የቀረችው።»

እጇን ማውሱ ላይ ስታሳርፍ መብራት ሄደ።

አንድ አፍታ መንገዱ በሙሉ ዝም አለ። ከዚያ ከየሱቁ ጄኔሬተር መነሣት ጀመረ። እሷ ጄኔሬተር የላትም። ሦስተኛው ገጽ ፕሪንተሩ አፍ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ቀርቷል፤ ስስበው ተቀደደ።

«ማል ታኤ?» አለች በኦሮምኛ፣ ፕሪንተሩን ምን ሆነህ ነው እያለች በመዳፏ እየመታችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሂጂ አንቺ! ሠርጉ ሊያመልጥሽ ነው። ጭራ ጭራውን በመንገድ በእጅሽ ሙዪው። የቀሩትን ገጾችም ጻፊያቸው። እንኪ እስክሪብቶ።»

«ይቅናሽ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ለሙሽሪትም ግጥምሽን በሁሉም ዓይነት አይቼዋለሁ በያት።»

ባጃጅ ውስጥ ሆኖ መጻፍ እንደማይቻል ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አንድ ቃል ለመጻፍ ብሞክር ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ እስክሪብቶዬ ከወረቀቱ አልፎ ቀሚሴ ላይ መስመር ሠራ። ከሁለቱም በኩል ነፋሱ ይገባል፤ ወረቀቱ እንደ ዶሮ ይንፈራገጣል። ተውኩት። ድንኳኑ ስደርስ አንድ ጥግ ቁጭ ብዬ እጨርሰዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ድንኳኑ በር ላይ የጠበቀኝ አጎቴ ነው። ሱፍ ለብሷል፣ መነጽሩን አድርጓል፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። ውስጥ የሙሽራው ወገን ይጨበጨብለታል፤ አክስትዮዋ አሁን ጨርሳ መቀመጧ ነው።

«የት ነበርሽ? ተጠርተናል እኮ! አምጪው!»

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ፣ ጭራው ላይ...»

«ጭራውን እዚያ አየዋለሁ!» ብሎ ሁለቱን ወረቀት ከእጄ መንጭቆ ወደ መድረኩ ሄደ።

ከሰው ጀርባ ቆምኩ። እህቴ ከመድረኩ ላይ፣ ከሙሽራው አጠገብ፣ እንደ ወጉ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። በቬሏ ሥር ግን ዓይኖቿ ወረቀቱን ሲከተሉ አየኋቸው። አጎቴ ማይክራፎኑን ወደ ጎን ገፋው፤ ለእሱ ምን ያደርግለታል። ወረቀቱን አቀና። ከላይ ጀመረ።

ከላይ ያለው ቀኑ ነው። ኮምፒውተሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያተመው። አጎቴ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን አንድም ሳይዘል፣ ድንኳኑ እስኪነቃነቅ ድረስ አነበበው።

«ምን?» አለች አክስትዮዋ ከወንበሯ። «ሙሽሪትን የምትሰጡን ያኔ ነው? ያን ያህል ዓመት እዚሁ ተቀምጠን ልንጠብቅ ነው?»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። አጎቴ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ፤ ተሳፋሪ ሲንጫጫ መጠበቅ ያውቅበታል። ቀጠለ።

«ዋና ገጽ!» አለ። «ስለ እኔ! ያግኙኝ!»

የድረ ገጼ በሮች ናቸው፤ አብረው ታትመዋል። ከሙሽራው ሚዜዎች አንዱ «የት ነው የምናገኝሽ?» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ሥራ የለኝም በላት፣ እፈልጋታለሁ!» አለው። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እናቴ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍናለች፤ የምታለቅስ መሰለኝ፣ ኋላ ትከሻዋ ሲርገፈገፍ እየሳቀች መሆኗን አየሁ።

ከዚያ ግጥሙ መጣ። አጎቴ ድምፁን ሐዋሳ ድረስ እንዲሰማ አድርጎ ለቀቀው።

«በነፋስ ያደገች የአዳማ እህቴ፣
ዛሬ ወደ ባቱ ልትሄድ ነው ከ...»

ቆመ። ወረቀቱ እዚያ ላይ አልቋል። እሱ ደግሞ የሌለ ነገር አያነብም። ወረቀቱን እንደያዘ፣ ቀኝ እጁን ወደ ሕዝቡ ዘርግቶ ቀረ። ከኋላ ሆኜ ልጮህለት አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ የለም። ድንኳኑም ጸጥ አለ። ያቺን ጸጥታ እስካሁን አልረሳትም፤ ጥሎሽ የመጣ ዕለት ከነበረችው ጸጥታ ጋር አንድ ዓይነት ትሆናለች ብዬ ፈራሁ።

«...ቤቴ!» አለ አንድ ሰው ከመሃል።

የሙሽራው ወገን ሰው ነው። ከዚያ ሌሎችም «ቤቴ! ከቤቴ!» አሉ። ሰዉ አጎቴ ሆን ብሎ የተወው፣ የሚያስሞላቸው መስሎታል። አጎቴ ራሱም ደስ አለው፤ ስም ሲጠራ «አቤት» እንደሚሉት ተሳፋሪዎች ነው የቆጠራቸው። ጣቱን እያወዛወዘ ቀጠለ።

«ሽንኩርትህ ሲከተፍ ዓይን ያስለቅሳል፤
የእህቴን ኩርፊያ ያየ ሽንኩርቱን...»

«ይረሳል!» አለ የእኛ ወገን በአንድ ድምፅ። እኔም የጻፍኩት እሱን ነው። ልቤ ሞቀ።

አክስትዮዋ ግን ብድግ አለች። «የለም! ያወድሳል ነው!»

የእህቴን ኩርፊያ ያየ ሽንኩርቱን ያወድሳል። ጭብጨባው ሲነሣ ቆሜ አሰብኩት። የእሷ ይሻላል። ዓይን የሚያስለቅሰው ሽንኩርት ከእህቴ ኩርፊያ አጠገብ ሲቆም ደግ ሆኖ ይመሰገናል። ስንት ማታ የለፋሁበት ስንኝ ነው፤ እሷ ዓሣ ገልብጣ እንደምታወጣ አንዴ ገለበጠችው። ቀናሁ፤ ቅናቴ ግን ደስ የሚል ነበር። የኛ ወገን «ይረሳል!» እነሱ «ያወድሳል!» እያሉ እንደ ኳስ ሜዳ ደጋፊ ተጯጯሁ። አጎቴ እጁን ከፍ አድርጎ ዝም አሰኛቸው።

«የነፋስ ልጅ ናትና ማዕበል አትፈራ፤
ሐይቁ ቢናወጥም ትቀዝፋለች ካን...»

«ካንተ ጋራ!»

አሁን የሁለቱም ወገን ድምፅ አንድ ላይ መጣ። የእኛ የትኛው፣ የእነሱ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። አባቴ እንኳ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

እንዲህ እንዲህ እያለ አጎቴ የሁለተኛው ገጽ ግርጌ ደረሰ። ግጥሙ መሃል ላይ ነው፤ ገና የሚሄድ ብዙ መንገድ አለው። እሱ ግን ግርጌው ላይ የተጻፈውንም አነበበ።

«ገጽ ሁለት ከአምስት!» ወረቀቱን ገለበጠው። ባዶ ነው። ሕዝቡን አየ፣ ከሕዝቡ መሃል ፈልጎ እኔን አገኘኝ። «ሦስት ጎድሎኛል! ሦስቱ የት ሄዱ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እህቴም ቬሏን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። መብራት ሄደ ልል ነበር፤ ፕሪንተሩ ቀደደው ልል ነበር። ከአምስት ሰው በላይ ነበሩ።

«ወንድሜ!» አለች አክስትዮዋ። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ እየመለሰች ወደ መድረኩ መጣች። «መኪናው ይውጣ እንጂ ለሦስት ወንበር ብለህ ይሄን ሁሉ ሰው ታቆማለህ? ባዶውን ወንበር እኛ እንሞላዋለን!»

አጎቴ የሥራ ዘመኑን በሙሉ ያን ቃል ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ከመድረኩ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። እሷ ግራ ቀኙን አየች፣ ጉሮሮዋን አልጠረገችም፣ አላሰበችም። ወደ እኛ ወገን ዞራ፣

«ልጅቷን ሰጥታችሁ፣ ግጥሙን ቆረጣችሁ፤
የጎደለውንማ እኛ እንሞላላችሁ!»

አለች። «ቶሌ! ቶሌ!» አሉ የባቱ ሰዎች፣ እሺ፣ በርቺ እያሉ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሰው ለመስማት አንገቱን አሰገገ።

«ሙሽራዋ ሙሉ፣ ግጥሟ ጎዶሎ፤
ልጇ ይጨርሰዋል ከርሞ እማዬ ብሎ!»

እልልታው ከየት እንደተነሣ አላውቅም። ከእናቴ ነው የሚሉ አሉ። አጎቴ ሁለቱን ወረቀት እያውለበለበ ከሚዜዎቹ ጋር መዝለል ጀመረ። እህቴ ሙሽራ መሆኗን ረሳች፤ አንገቷን መድፋቱን ትታ ወደ ኋላ ተንጋላ፣ አፏን ከፍታ፣ ልጅ ሳለን እንደምንስቀው ሳቀች። ጠዋት ሙሉ ካስክ ውስጥ የተቀመጠችለት ጸጉር ከቬሏ ሥር አምልጦ ትከሻዋ ላይ ወረደ። ሙሽራው ሊመልስላት ቢሞክር የባሰ አበላሸው።

ሕዝቡን ጥሼ አጠገቧ ደረስኩ። በጆሮዋ «ይቅርታ፣ ፕሪንተሩ...» ማለት ስጀምር እጄን ያዘችኝ።

«ዝም አላልንም» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ በሳቅ ነው። «ሰማሻቸው? ዝም ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ማን ነው ግን ያሸነፈው?»

«እኔ እንጃ።»

«እኔም እንጃ» አለችና እንደገና ሳቀች።

የቀሩትን ሦስት ገጾች ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነበብኳቸውም። ጥሩ ጥሩ ስንኝ ነበረባቸው፣ አንዳንዶቹ ዛሬም ያምሩኛል። ግን ከአክስትዮዋ ስንኝ በኋላ ተነሥተው ቢነበቡ እንግዳ ከሄደ በኋላ እንደሚመጣ ወጥ ይሆኑ ነበር።

መኪናዎቹ በር ላይ ተሰልፈው፣ ጡሩምባው ሲያስተጋባ፣ አክስትዮዋ ከሰው መሃል ፈልጋ አገኘችኝ። ቀረብ ብላ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፤ ቀሚሴ ላይ ያለውን የእስክሪብቶ መስመርም አየችው።

«ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ጎበዝ ነሽ። እኔ ስንት ሠርግ ሄጃለሁ፤ ሰው ግጥሙን ራሱ ጀምሮ ራሱ ጨርሶ ይቀመጣል። እኛ ቁጭ ብለን ማጨብጨብ ብቻ።» ትከሻዬን በመዳፏ መታ አደረገችኝ። «የመልስ ዕለትም ስትጽፊ እንደዚሁ ጫፍ ጫፉን ተዪልን፣ እሺ?»

ፕሪንተሩ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ።

«እሺ» አልኳት።